ኮርሱ ነፃ፣ ዳታው በገንዘብ

በሐምሌ 2016 ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ኮርሱን በነፃ ይሰጣል። ዳታው ግን ከተማሪው ኪስ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቀኑን ሙሉ አሮጌ ብረት ሲያራግፍ የዋለ ወጣት ትምህርቱን የሚከፍተው ማታ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ፣ ከዕለት ገቢው ጥቅል ገዝቶ ነው። ያውም በእንግሊዝኛ። ላፕቶፕማ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ያየዋል እንጂ የት አግኝቶት!

በ2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ በብዙ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ ወደ ቴሌግራም ሄደ፤ ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪ ከዚያ ውጪ ቀረ። ያ መደገም የለበትም። የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የትምህርት ቤቶቹን የኮምፒውተር ክፍሎች መርካቶ ሱቅ ከዘጋ በኋላ ክፍት ያድርግ። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮምም የትምህርት ገጾችን ከዳታ ክፍያ ነፃ ያውጡ።