«ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ የት ሄደን እንጎብኛት?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ መመገቢያ አዳራሻችንና ስለ ኳስ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንዲት የጦር መርከብ ልጽፍ ነው። ባሕር በሌለበት አገር፣ ያውም የዱከም ልጅ ስለ መርከብ ምን አገባው እንዳትሉኝ። መጀመሪያ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ፤ ፍርዱን ኋላ ትሰጣላችሁ።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት እዚያው ባደግሁበት ከተማ፣ ዱከም ነበር። የዕለቱ የኅብረተሰብ ትምህርት ርእስ መጓጓዣ ነው። የየብስ፣ የአየርና የውሃ ብዬ ሰሌዳውን በሦስት ከፈልኩት። የየብሱ ቀላል ነው፤ ዱከም ውስጥ በመስኮት ብቅ ማለት ብቻ ይበቃል። ከጅቡቲና ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡት ከባድ መኪኖች ሌሊትም ቀንም አያባሩም። የአየሩም አያስቸግርም፤ አየር ኃይል ያለባት ቢሾፍቱ ጎረቤታችን ናት። የውሃው ላይ ስደርስ በጠመኔ አንዲት መርከብ ሣልኩ። እውነቱን ለመናገር ጫማ ነበር የምትመስለው። ከዚያም «አገራችን ወደብ የላትም፤ የጦር መርከብም ኖሯት አያውቅም» ብዬ ላልፍ ስል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አያቴ እኮ የጦር መርከብ ላይ ይሠራ ነበር» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። «ጀልባ ይሆናል» አልኳት። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ ዝም ብላ ቁጭ አለች።

በማግሥቱ በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ፎቶግራፍ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ነጭ የባሕረኛ ልብስ የለበሰ ወጣት ቆሟል፤ ከኋላው ግራጫ መርከብ አለች፤ መርከቧ ላይ «ኤ-01» የሚል ምልክት ይታያል። ጓደኞቼ፣ ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ያፈርኩት ባለማወቄ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ለማይማር ነው። ያፈርኩት ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው በመናገሬና ልጅቷን በማሳቄ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አያቷ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ በርጩማ አወጡልኝ፤ ቡና ተፈላ። «ስሟ ኢትዮጵያ ይባል ነበር» አሉኝ። «እኔ ፂሜን ማብቀል የጀመርኩት እሷ ላይ ነው።»

«አባባ፣ ታዲያ አሁን የት ናት? ሄደን ብንጎበኛትስ?» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ምስማር ሆና ይሆናል። ማንኪያ ሆና ይሆናል። ምናልባት እዚህ ጣራችን ላይ ያለው ቆርቆሮ እሷው ትሆናለች። ማን ያውቃል!»

እኔም ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የመርከቧ ታሪክ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው።

«ኢትዮጵያ» የተሠራችው በአሜሪካን አገር፣ በዋሽንግተን ግዛት ነው። ባሕር ላይ የወረደችው እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሆን፣ በ1944 ሥራ ስትጀምር ስሟ «ኦርካ» ነበር። ሥራዋም የባሕር አውሮፕላኖችን ማገልገል ነው፤ ይኸውም ውሃ ላይ ለሚያርፉት አውሮፕላኖች ነዳጅና መለዋወጫ ማቅረብ፣ ሠራተኞቻቸውንም ማስተናገድ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጃፓን ጋር በፊሊፒንስ በተደረገው ዘመቻ ተካፍላለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ጥቂት ብታንስ ነው።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ ዋና ሠፈሩ ምፅዋ ነበር። «ኦርካ» በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር ለኢትዮጵያ ተሰጠችና ስሟ «ኢትዮጵያ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች መለማመጃ ሆና አገልግላለች። ልብ በሉ፤ የመለማመጃ መርከብ ነበረች። እንደኛ ያሉ የሃያ ዓመት ልጆች እየተሳሳቱና እየታረሙ ሥራ የተማሩባት፣ እንደ ማለት ተንሳፋፊ ማሠልጠኛ ነበረች።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ መርከቧ ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች። ከዚያም አልተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ1993፣ ኤርትራ ነፃ አገር በሆነችበት በዚያው ዓመት፣ በብረትነቷ ተሸጠች። የአንዲት አገር ስም የተጻፈባት መርከብ በኪሎ ተመዝና ሄደች ማለት ነው።

በዚህ ማንንም ልወቅስ አልተነሣሁም። ጊዜው ነፍስ አውጪኝ የሚባልበት ነበር። እንኳን መርከብ፣ ሰውም መጠለያ ያጣበት ሰዓት ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መርከቧ ጠፋች፤ ይሁን። ወሬዋ ግን ለምን አብሮ ጠፋ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪ ቤት የተመላለስኩ እኔ፣ «ኖሯት አያውቅም» ብዬ ልጆች ፊት እስክናገር ድረስ እንዴት ደረስኩ?

በሌላው ዓለም ያረጀች የጦር መርከብ ስትጠበቅ ምን ጥቅም እንደምትሰጥ እንመልከት። ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ላይ «ቤልፋስት» የምትባል መርከብ ቆማለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋች ስትሆን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ናት። ጎብኚ በጠባቡ መሰላል ወደ ሞተር ክፍሏ ይወርዳል፤ ወጥ ቤቷን፣ መኝታዋን፣ ሕክምና ክፍሏን ያያል። አንድ መምህር ክፍሉን ይዞ እንዲህ ያለ ቦታ ቢገባ የስንት ቀን ትምህርት በአንድ ጠዋት ይሰጣል! ብረት ሲጣል ይሰጥማል፤ ከብረት የተሠራች መርከብ ግን ለምን ትንሳፈፋለች? ይህን በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ መርከቧ ውስጥ የቆመ ልጅ ግን ጥያቄውን ራሱ ይጠይቃል። የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲባል እኮ ከዚህ የበለጠ የለም።

አሜሪካን አገር ቦስተን ላይ ያለችው ደግሞ «ኮንስቲትዩሽን» ትባላለች። የእንጨት መርከብ ናት፤ ውሃ ላይ የወረደችው እ.ኤ.አ. በ1797 ነው። በ1830 ልትፈርስ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ኦሊቨር ዌንዴል ሆልምስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ግጥም ጽፎ በጋዜጣ አወጣ። ሕዝቡ ተነሣሣ፤ መርከቧም ተረፈች። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ስትበሰብስ ደግሞ ለጥገናዋ ሳንቲም ያዋጡት የተማሪ ቤት ልጆች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል ይኼ ነው። ከ1931 እስከ 1934 በየወደቡ ስትዞር ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎብኝቷታል። እስካሁንም አለች።

እንግዲህ አስቡት፤ «ኮንስቲትዩሽን»ም «ኢትዮጵያ»ም የተሠሩት በአንድ አገር ነው። አንዷን አንድ የሃያ አንድ ዓመት ወጣትና የተማሪዎች ሳንቲም አቆዩዋት። ሌላዋን ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ስሙን የሰጣት አገር ልጅ በጠመኔ «አልነበረችም» አላት። ያ ልጅ እኔ ነኝ።

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሣ ሁለት ተቃውሞ ገጥሞኛል፤ ሁለቱንም ልመልስ።

አንደኛው «የጦር መርከብ የሚያስታውሰው ጦርነትን ነው፤ ያውም የወንድማማች ጦርነት፤ ቢረሳ አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ለሽማግሌው አቅርቤላቸው ነበር። ሲኒውን አስቀምጠው ትንሽ ቆዩና «ምፅዋ ላይ የቀሩ ጓደኞች አሉኝ። ከወዲያ በኩል የሞቱትም እናት ነበራቸው። እንዳይረሳ የምፈልገው እንዳይደገም ብዬ ነው» አሉኝ። እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሙዚየም የጀግንነት ጡሩንባ ብቻ የሚነፋበት ቤት መሆን የለበትም፤ ኀዘኑም እኩል ይነገርበት።

የጃፓኗን «ሚካሳ» እዩ። እ.ኤ.አ. በ1905 በሱሺማ የባሕር ውጊያ ሩስያን ያሸነፈችው ዋና መርከብ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ ግን ዕቃዋ ተዘርፎ፣ መድፎቿ ተነቅለው፣ ላይዋ የዳንስ ቤት እስከ መሆን ደርሶ ነበር። እንድትታደስ ከደገፉት ሰዎች አንዱ ማን ይመስላችኋል? አድሚራል ኒሚትዝ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ የአሜሪካን መርከቦች አዝዞ ጃፓንን የወጋው ሰው! «ሚካሳ» በ1961 ታድሳ ዮኮሱካ ላይ ለጎብኚ ተከፈተች። የትናንት ጠላት የጠላቱን መርከብ ካቆየ፣ ታሪክን መጠበቅ ቂም መጠበቅ አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «መማሪያ መጽሐፍ ላልተዳረሰበት ትምህርት ቤት የመርከብ ሙዚየም!» ያለኝ ጓደኛዬ አለ። እውነት ነው፤ እኔም ነገ ጧት መርከብ እንግዛ አላልኩም። የምንጎበኛት መርከብ የለችም። ያሉት ግን የነበሩባት ሰዎች ናቸው። በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በአዳማ፣ በየሰፈራችን የቀድሞ ባሕረኞች አሉ። በኮሚሽነርነት ኖረው፣ በሹፌርነት ኖረው፣ በጥበቃነት ኖረው አርጅተዋል። ፎቶግራፋቸው ሳጥን ውስጥ፣ ወሬያቸው ልባቸው ውስጥ ነው። እነዚህን ለመጎብኘት ቪዛም ገንዘብም አያስፈልግም፤ ጊዜ ግን ያስፈልጋል፤ ጊዜው ደግሞ እያለቀ ነው። መርከቧን የወሰዳት የብረት ነጋዴ ነው፤ ሰዎቹን የሚወስዳቸው ግን ጨረታ አያወጣም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ስንሄድ በየሰፈራችን የቀድሞ ባሕረኛ እንዳለ እንጠይቅ። ፈቃደኛ ከሆነ በስልካችን ድምፁን እንቅረጽ፤ ፎቶግራፉን ግልባጭ እንውሰድ። ዋናውን ግን ከሰው ቤት ይዘን እንዳንወጣ፤ እሱ የባለቤቱ ነው።

ሁለተኛ፣ በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን የ«ኢትዮጵያ»ን ሞዴል እንሥራ። አንድ ሜትሩን በአንድ ሳንቲ ሜትር ብንለውጠው ርዝመቷ 95፣ ወርዷ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይመጣል። ካርቶን፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ሽቦና ግራጫ ቀለም ይበቃናል። ለሒሳብ መምህራን የመጠነ ልክ ትምህርት፣ ለሳይንስ የመንሳፈፍ፣ ለታሪክ ታሪኳ ራሱ ይሆናል። እኔ እጄ ሥዕል ላይ ደካማ እንደሆነ ከላይ ተናዝዣለሁ፤ ቆርቆሮ መቁረጥ ግን አያቅተኝም።

ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ሲጠናቀቅ ለሚመለከተው ክፍል ይቅረብ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና እንዲቋቋም ተደርጓል። አዲስ መርከብ የሚያስብ ሁሉ ለአሮጌዋም አንዲት ክፍል፣ ቢያንስ አንዲት ግድግዳ ያስብላት። ለአዲሱ ባሕረኛም ቢሆን የፊተኛው እንዴት እንደ ወጣና እንዴት እንደ ቀረ ማወቁ አይጎዳውም።

ልጅቷስ? ልትሉኝ ነው። የልምምዴ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ላይ አያቷን አስፈቅጄ ፎቶግራፉን ይዤ ገባሁ። «ልጆች፣ ስለ ውሃ መጓጓዣ ስንማር የጦር መርከብ ኖሯት አያውቅም ብያችሁ ነበር። ተሳስቼ ነው። ትክክል የነበረችው እሷ ናት» አልኩና አስነሣኋት። ያን ቀን ክፍሉን ያስተማረችው እሷ ናት። ፎቶው ከወንበር ወንበር ሲዞር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ የት ሄደን እናያታለን?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዕጩ መምህር እዚያ ክፍል ሲገባ ግን «ኑ ላሳያችሁ» የሚልበት አንድ ነገር፣ የካርቶን መርከብም ብትሆን፣ በእጁ እንዲይዝ እፈልጋለሁ። ሥራውን መጀመር የምትፈልጉ ዓርብ ከእራት በኋላ ትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል በር ላይ እንገናኝ። መቀስ ያለው ይዞ ይምጣ።

ከአንድ የዱከም ልጅ፣ ዕጩ መምህር