«ሥራዎ ምንድን ነው?»፦ ለአዋቂ የአስም ሕሙማን ያልቀረበው ጥያቄ

ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ የምክር ቤት ረዳቶች እንዲሁም ለማኅበረሰብ ተሟጋቾች የቀረበ የፖሊሲ ጽሑፍ

አስም እንዳለብኝ የተነገረኝ በ44 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ አስም አልነበረብኝም፤ በቤተሰባችንም ውስጥ አስም ያለበት ሰው አላውቅም። ከምርመራው በፊት ለዘጠኝ ዓመታት ቨርጂኒያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ቢሮዎችን ሳጸዳ ኖሬአለሁ። ሳሉ ሲጀምረኝ ብርድ ነው አልኩ። ሲደጋገም ሳይነስ ነው ተባልኩ። ደረቴ ማፏጨት ሲጀምር ብሮንካይትስ ተብሎ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። ለእኅቴ ልጅ ሠርግ አትላንታ ሄጄ ሁለት ሳምንት ስቆይ ሳሉ ጠፋ፤ የሠርጉ ደስታ ያዳነኝ መሰለኝ። ወደ ሥራ በተመለስኩ በሦስተኛው ሌሊት ደረጃ መውጣት አቅቶኝ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሐኪም ቤት አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። አስተርጓሚዬ የ14 ዓመት ልጄ ነበረች። ሲጋራ አጨስ እንደሆነ፣ ቤቴ ድመት እንዳለ፣ ወለሉ ምንጣፍ እንደሆነ ተጠየቅሁ። ሥራዬ ምን እንደሆነ፣ በምን እንደማጸዳ፣ በዕረፍት ቀኔ ይሻለኝ እንደሆነ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን አልደበቅንም፤ የጠየቀን የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታዎች ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ መክሯል። የዱቄት ብናኝ የጋጋሪዎችን ደረት እንደሚጎዳም ያኔ ጽፏል። ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በዓለም ሀብታም በሆነች አገር ዋና ከተማ ዙሪያ፣ ይህ ጥያቄ ዛሬም እንደ ትርፍ ነገር ይታለፋል። ዋጋውን የሚከፍሉት ሌሊት የሚያጸዱ፣ አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ ፀጉር የሚሠሩና እንጀራ የሚጋግሩ ሰዎች ናቸው።

ሥራ እንዴት አስም ያመጣል

የአሜሪካ ቶራሲክ ማኅበርና የአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ማኅበር በ2019 በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ከአዋቂዎች አስም 16 በመቶ ያህሉ በሥራ ቦታ ከሚገጥም መጋለጥ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገምተዋል። ይህ ማለት ከስድስት የአስም ሕሙማን የአንዱ ያህል ማለት ነው። ይህን የሚያክል ምክንያት ያለው በሽታ ሲገጥም ምክንያቱን አለመጠየቅ የሙያ ጉድለት ነው።

በሽታው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ዝግ ያለ ነው። ሰውነት ከአንድ ንጥረ ነገር ጋር ለወራት ወይም ለዓመታት ያለ ችግር ሲኖር ይቆይና አንድ ቀን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ከዚያ ወዲያ ጥቂቱም መጠን ደረትን ይዘጋል። በብዙ የጀርም መከላከያ ፈሳሾች ውስጥ የሚገኙት ኳተርነሪ አሞኒየም ውህዶች፣ ፀጉር ለማንጣት የሚያገለግሉት ፐርሰልፌቶች፣ የስንዴ ዱቄት ብናኝ ከዚህ ወገን ይመደባሉ። ሁለተኛው መንገድ በቀጥታ የሚያቃጥል ነው። በረኪና አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅ ክሎራሚን የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ መስኮት በሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይህን የተነፈሰ ሰው ሳንባው ይጎዳል።

የዝግታው መንገድ በተለይ አታላይ ነው። «ዘጠኝ ዓመት ስሠራበት ምንም አላደረገኝ፤ ዛሬ ምን አመጣው?» የሚለው ሠራተኛው ራሱ ነው። ሐኪሙም ካልጠየቀ ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። መጋለጡ ቶሎ ሲቋረጥ ብዙዎች ይሻላቸዋል፤ ሲዘገይ ግን ሥራውን ከለቀቁም በኋላ አስሙ አብሮ ይኖራል። እኔ ሥራውን ትቼ ዛሬም ጧትና ማታ መድኃኒት እተነፍሳለሁ። ሽታው የበረታ ሊፍት ውስጥ አልገባም፤ በሠርግ ቤት እጣን ሲጨስ በር አጠገብ እቀመጣለሁ።

ከሥራው ጋር የሚቀር ማስረጃ

የሕግ ረዳቶች በተለይ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው ነጥብ ይህ ነው። ከሥራ ጋር የተያያዘ አስምን ከሚያረጋግጡ መንገዶች አንዱ ፒክ ፍሎው ሜትር የተባለ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ ነው። ሠራተኛው በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ፣ ለሳምንታት፣ በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም ነፍቶ ቁጥሩን ይመዘግባል። በሥራ ቀን ወርዶ በዕረፍት ቀን የሚወጣ መስመር ብዙ ይናገራል። ይህ ልኬት ግን የሚወሰደው ሰውየው በሥራው ላይ ሳለ ነው። ከለቀቀ በኋላ የሚነጻጸር የሥራ ቀን የለም። ስለዚህ ጥያቄው በጊዜው ካልተጠየቀ ማስረጃው ከሥራው ጋር ይቀራል።

አሁን ይህን ከቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ሕግ ጋር አስተያዩት። ከሥራ ውጭ ያለው ሕዝብም ሊይዘው የሚችል በሽታ፣ አስምን የመሰለ፣ ካሳ የሚያስገኘው በሽታው ከሥራው መምጣቱና ከሥራው ውጭ በሆነ ምክንያት አለመምጣቱ «በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ» ሲረጋገጥ ነው፤ ይሆናል ተብሎ መገመቱ ብቻ አይበቃም። ጥያቄው መቅረብ ያለበትም ምርመራው ለሠራተኛው ከተነገረው በሁለት ዓመት ውስጥ ወይም ከመጨረሻው መጋለጥ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ነው። ሕጉ ከፍተኛ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃው የሚሰበሰብበትን በር ግን ማንም አልከፈተም። እኔም የሳንባ ሐኪም ዘንድ ደርሼ «ይህ ከሥራሽ የመጣ ይመስለኛል» ስባል ሥራውን ከለቀቅሁ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። «ይመስለኛል» የሚለው ቃል ደግሞ በዚያ ሕግ ፊት ክብደት የለውም።

የልጅ አስተርጓሚና የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ

በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ማስፈጸሚያ ደንቡም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ማስተርጎምን ይከለክላል። ዲሲም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሕጉ አለ፤ ልጄም ሐኪሙ ፊት ተቀምጣ ነበር። የ14 ዓመት ልጅ «ማፏጨት»ን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አታውቅም። እናቷ በሥራ ቦታ ራሷን ስታ እንደነበር ደግሞ በእሷ አፍ እንዲነገር የምትፈልግ እናት የለችም፤ እኔም ዝም አልኩ።

በሥራ ቦታም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ስለ ኬሚካል የሚሰጥ ሥልጠና ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ እንዲሆን ይጠይቃል። ነገር ግን በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያና የደኅንነት መረጃ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ እንዲሆኑ ነው ደንቡ የሚያዘው፤ ሌላ ቋንቋ መጨመር ለአሠሪው ፈቃድ የተተወ ነው። ሥልጠና አንድ ቀን ይሰጣል፤ ጠርሙሱ ግን በየሌሊቱ እጃችን ላይ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው የሥራ ደኅንነት ፕሮግራም ስላላቸው ከፌዴራሉ ዝቅተኛ መለኪያ በላይ የመደንገግ ሥልጣን አላቸው። ያልተጠቀሙበት ሥልጣን ነው።

የትንፋሽ ዋጋ

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሰማያዊው ኢንሄለር፣ በተለምዶ «ፓፍ» የምንለው፣ ብቻ ነበር። እርሱ የተዘጋውን የአየር ቧንቧ ለሰዓታት ይከፍታል፤ ሥር የሰደደውን ብግነት ግን አያክምም። የዓለም አቀፉ የአስም ተቋም ጂና ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎች በዚህ ዓይነቱ መድኃኒት ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። ብግነቱን የሚያክመው መድኃኒት ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በጥር 2024 የአሜሪካ ሴኔት የጤና ኮሚቴ አባላት ለኩባንያዎች በጻፉት ደብዳቤ፣ ግላክሶስሚዝክላይን በብሪታንያ በ26 ዶላር የሚሸጠውን አድቬር ኤችኤፍኤ በአሜሪካ በ319 ዶላር እንደሚሸጥ ገልጸዋል። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ከደረሳቸው አራት ኩባንያዎች ሦስቱ ታካሚው በወር የሚከፍለውን በ35 ዶላር ለመወሰን ቃል ገብተዋል።

ይህ የሕዝብ ግፊት ውጤት ነውና ዋጋ እንሰጠዋለን። ሆኖም በፈቃድ የተሰጠ በፈቃድ ይወሰዳል። ሚኒሶታ ከ2025 ጀምሮ ለአስም መድኃኒት የሚከፈለውን ወርኃዊ ድርሻ በ25 ዶላር በሕግ ወስናለች። የግዛት ሕግ ግን በ1974 በወጣው ኤሪሳ በተባለው የፌዴራል ሕግ ምክንያት ራሳቸውን በሚያስተዳድሩ የአሠሪ ኢንሹራንሶች ላይ አይሠራም። ስለዚህ የግዛቶቹ ሕግ አስፈላጊ ቢሆንም አይበቃም፤ የፌዴራሉ ምክር ቤትም መደንገግ አለበት።

ለተቃውሞዎች መልስ

«አስም ብዙ ምክንያት አለው፤ ዘርም፣ ሲጋራም፣ የከተማ አየርም» ይባላል። እውነት ነው። ምክንያቱ ብዙ የሆነ በሽታ ግን ይበልጥ መጠየቅን ይፈልጋል። ማንም ሐኪም «ምክንያቱ ብዙ ነው» ብሎ ስለ ሲጋራ መጠየቁን አይተውም።

«ሥራው ካልተስማማ ይልቀቁ» ይባላል። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ለአገር ቤት ወላጅ የሚልክ ሰው በአንድ ሌሊት አይለቅም። ደግሞስ የሚለቀው ሠራተኛ ቦታ ላይ ነገ ሌላ ሰው ይቆማል፤ ያው ጠርሙስም ይጠብቀዋል። የሚቀየረው ጠርሙሱ እንጂ ሰውየው መሆን የለበትም።

«ለትናንሽ አሠሪዎች ወጪ ነው» ይባላል። የሚረጭን ማጽጃ በጨርቅ በሚቀባ መለወጥ፣ በረኪናን ለብቻው ማስቀመጥ፣ የአየር ማውጫውን መጠገን አገር የሚያፈርስ ወጪ አይደለም። አንድ የድንገተኛ ክፍል ሌሊት ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ራሳችንንም አንለፍ

ሌላውን ስንከስ የገዛ ቤታችንን መርሳት አይገባም። የእንጀራ መጋገሪያዎቻችን የዱቄት ብናኝ እንደ ጉም የሚወርድባቸው ጠባብ ቤቶች ናቸው። ባለቤቶቹ ወገኖቻችን ናቸው፤ ሠራተኞቹም ወገኖቻችን ናቸው። ዱቄትን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ማቡኪያው ዘንድ የአየር መሳቢያ መትከል፣ ኤን95 ጭምብል ማቅረብ ከባለቤቶቹ የሚጠበቅ ነው።

እንዲሁም አስም እንደ ነውር የሚቆጠርበት፣ «ፓፍ ከጀመሩት አይለቅም» የሚባልበት ወግ ይብቃ። የብግነት መድኃኒቱን በየቀኑ መተንፈስ ሱስ አይደለም። ሱስ ብለን የፈራነውን ትተን ደረታችን ሲዘጋ ብቻ ሰማያዊውን መደጋገም ነው ብዙዎችን ለድንገተኛ ክፍል የሚዳርገው።

የምንጠይቀው

1. የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ክሊኒክ በአዋቂነቱ አስም የተገኘበትን ሰው ሦስት ጥያቄዎች ጠይቆ በመዝገቡ እንዲያሰፍር፦ ሥራዎ ምንድን ነው? በሥራ ላይ ምን ይተነፍሳሉ? በዕረፍት ቀን ይሻልዎታል? መልሱ ጥርጣሬ የሚያስነሳ ሲሆን ፒክ ፍሎው ሜትርና መመዝገቢያ ወረቀት በአማርኛ በነጻ ይሰጥ።

2. የአንቀጽ 1557 አፈጻጸም በተግባር ይመርመር። በሕክምና መዝገብ ላይ ማን እንዳስተረጎመ ይጻፍ፤ የልጅ ስም ከተገኘ ተቋሙ ይጠየቅ።

3. ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በራሳቸው የሥራ ደኅንነት ፕሮግራም የኬሚካል ማስጠንቀቂያ ሠራተኞቹ በሚያነቡት ቋንቋ ጭምር እንዲለጠፍ ይደንግጉ።

4. ቨርጂኒያ ከሥራ ጋር ለተያያዘ አስም የምትጠይቀውን የማስረጃ ደረጃ በሌሎች የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ወደሚሠራበት፣ ሚዛን ወደሚደፋ ማስረጃ ታውርድ።

5. ሦስቱም አስተዳደሮች፣ ሚሺጋን፣ ማሳቹሴትስና ካሊፎርኒያ ለዐሥርት ዓመታት እንዳደረጉት፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ አስምን የሚከታተል መዝገብ ያደራጁ። በእነዚያ መዝገቦች ማጽጃዎች ደጋግመው ተጠቅሰዋል፤ በእኛ ዘንድ ግን ያልተቆጠረ እንደሌለ ተቆጥሯል።

6. የመድኃኒቱ ወርኃዊ ዋጋ ጣሪያ በኩባንያዎች በጎ ፈቃድ ሳይሆን በሕግ ይጽና።

ከእነዚህ ስድስቱ መካከል የመጀመሪያው ነገ ጧት ሊጀመር ይችላል። አዲስ ማሽን፣ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ግኝት አያስፈልገውም። ልጄ ዛሬ የነርስነት ትምህርት ላይ ናት። ለተግባር ልምምድ በገባች ጊዜ በሚያፏጭ ደረት የመጣ አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ አገኘች፤ አስተርጓሚ እንዲጠራ አደረገችና በመጀመሪያ የጠየቀችው ሥራውን ነበር። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ተናገረ፤ ከዚያ በፊት ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረምና።