ይሸጎጣልና ሽጉጥ ተባለ

ሰሞኑን ከዚራ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ አንድ ወዳጄ ሊገዛው ያሰበውን አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አወደሰልኝ። እጀታው በእጅ ላብ ጠቁሯል፤ የሠሪው ማኅተም ተፍቋል። «አቦ፣ ቅርስ እኮ ነው! እተኩስበታለሁ፣ ወገቤም ላይ እሸጉጠዋለሁ» አለኝ። ወዳጄ ሆይ፣ ያን ቀን ዝም ያልሁህ ቡናው እንዳይመርብን ብዬ እንጂ ተስማምቼ አይደለም።

ቅርስ ከሆነ ምነው ይተኮስበታል? የሚተኮስበት ከሆነ ደግሞ በመሣሪያነቱ ይመዘን። ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል በእርጅና ከላላ ጉድጓዱ ከአፈሙዙ ጋር አይገጥምም፤ ያን ጊዜ እርሳሱ እየተላጠ አጠገብህ የቆመውን ሰው ያቆስላል። ማኅተሙ ከጠፋ ለጥቁር ባሩድ ይሁን ለዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ መሠራቱን በምን ታውቃለህ? ለመጀመሪያው የተሠራ ብረት በሁለተኛው ግፊት እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። መታጠቁማ ይብሳል። ከጥንቶቹ ብዙዎቹ መምቻውን ከጥይቱ የሚያግድ መከላከያ የላቸውም፤ ወድቀው በመምቻቸው ካረፉ ይተኩሳሉ። አዋቂዎቹ ከመምቻው ፊት ያለውን ጉድጓድ ባዶ የሚተዉት ስለዚህ ነበር። አንተ ግን ትንሿን ልጅህን በምታቅፍበት ወገብ ላይ ልትሸጉጠው ነው!

ፈቃድ የሌለውን መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ክልክል መሆኑን ታውቃለህ፤ በዚህ አልሟገትህም።

ይልቅ ጎረቤታችን ሐረር የኖረውን ራምቦን ላስታውስህ። ግጥሙን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ የሸጠው ያ ሰው፣ ነጋዴ ከመሆኑ በፊት እርሱም የጥይት ሰለባ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1873 ብራስልስ ውስጥ ወዳጁ ገጣሚው ቬርሌን፣ በዚያው ዕለት ጧት በገዛው ስድስት ጎራሽ ተኩሶ ግራ እጁን አንጓው ላይ አቆሰለው። አየህ፣ የተኮሰው ጠላት አልነበረም፤ ጧት ተገዝቶ ከቀትር በኋላ በወዳጅ ላይ ጮኸ። ያ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ፓሪስ ላይ በጨረታ 434,500 ዩሮ ተሸጠ። ገዢው ወገቡ ላይ ሸጉጦት የሚዞር አይመስለኝም።

አባቶቻችን ውጅግራውን፣ ምንሽሩን፣ ለበኑን በትከሻቸው አንግተው፣ ዓለም እያያቸው ሄዱ። የአንተ ግን ስሙ ራሱ ከመሸጎጥ የመጣ ነው። ከማን ልትደብቀው? መጋላ ከምታገኘው ጓደኛህ? ከቀፊራ ሸማች? ከእኔ?

ግዛውም ካልክ ግዛው። ነገር ግን ያ ብረት ወገብህ ላይ ሳለ ከዚራ ለቡና አትጥራኝ።