መጀመሪያ ልጁን ያዙላት!

«ረጋ በይ፤ ትንፋሽሽን አዳምጪ» ይሏታል ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እናት። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ጭንቀት ያቀላል። ለመሆኑ እሷ ትንፋሿን ስታዳምጥ ልጁን ማን ይያዝላት? እዚህ ማራኪ የማውቃቸው እናቶች «እርግማን ነው» የሚለውን ሹክሹክታ ሸሽተው በር ዘግተው ይውላሉ።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ያስተማራቸው የገዛ ልጃቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአሳዳጊዎች ሥልጠናም 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት አለው፤ የወላጅን ጭንቀት ማቃለልንም ይጨምራል። ታዲያ ይህ ለምን እስከ ቀበሌ አይወርድም?

እኔ የምለው፣ አንድ ክፍልና ልጅ የሚይዝ ሰው ይመደብ። እረፍት የነፈግናትን እናት «ተረጋጊ» ማለት ስላቅ ነው!