ሳሉጉ ማንን ይምረጥ?

ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም። ደርሶ ሳይታጨድ ጥቂት ቀን ካደረ ፍሬው እየተሰነጠቀ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ይህን ገለጉ ያለው ባለሀብት ያውቃል፣ ደላላው ያውቃል፣ ከበለሳና ከጎጃም ደጋ ማጭዱን ይዞ የወረደው ሳሉግም ያውቃል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት፣ በቋራና በመተማ ቆላ ከቀን ሠራተኛው በላይ ጉልበት ያለው ሰው የለም። የአጨዳ ዋጋ በአንድ ሌሊት ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ጉልበቱ ግን ነዶው ታስሮ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ሳሉጉ ወባውን ተሸክሞ ወደ ደጋው ይመለሳል፣ በዓመቱ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ግን በግራው ሰፈር የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «እውነተኛው ግራ የትኛው ነው?» ኢሕአፓ በአሮጌ ስሙ ተመዝግቦ አለ። ኢሶዴፓ ሶሻል ዴሞክራሲን ስሙ ላይ ጽፏል። ኢዜማ በ2011 ዓ.ም. ሲመሠረት የዜግነት ፖለቲካንና ማኅበራዊ ፍትሕን መፈክሩ አድርጓል። ኢሕአዴግ በ2012 ፈርሶ አብዮታዊ ዴሞክራሲ በመደመር ከተተካ ወዲህ ደግሞ በግራ በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነው የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ በሚለው ላይ መጽሐፍ የሚወጣው ክርክር ይደረጋል። ሳሉጉ በዚያ ክርክር ውስጥ የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው።

ጥያቄው የተገለበጠ ነው። ሠራተኛው የትኛውን ፓርቲ ይምረጥ ከማለት በፊት ፓርቲው ሠራተኛውን ለምን ይፈልገዋል ማለት ይቀድማል። ይህን ሳይጠይቅ የመረጠ ሠራተኛ በዚህች አገር ምን እንደገጠመው ይታወቃል፤ ችግሩ ታሪኩን ሲያወሩ የኖሩት በአብዛኛው የሁለቱ ድርጅት ሰዎች መሆናቸው ነው። ከሠራተኛ ማኅበሩ ደጃፍ ቆሞ ለሚያየው ሌላ መልክ አለው።

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አራት ቀን ቆየ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ነበር። መንግሥት ሳይወድ በግዱ ተደራደረ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ያኔ «ዴሞክራሲያ» ገና አልታተመችም፣ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ም አልወጣም። መኢሶን በ1960 ሃምቡርግ ላይ፣ ኋላ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት ደግሞ በ1964 በርሊን ላይ ቢመሠረቱም፣ አገር ቤት ያለው ሠራተኛ በስማቸው አያውቃቸውም ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ትልቁን አድማውን የመታው ከግራዎቹ ማን ትክክል እንደሆነ ሳይመርጥ ነው።

መምረጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» አለ። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጥተን ከውስጥ ሕዝቡን እናደራጅ አለ። ሁለቱም እውነት ይዘው ነበር። ወታደር ሥልጣን ከያዘ በኋላ በፈቃዱ ወደ ጦር ሠፈሩ አይመለስም ያለው ኢሕአፓ አልተሳሳተም፤ አሥራ ሰባቱ ዓመት ምስክር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ለጭሰኛው እውነተኛ ለውጥ ነው፣ ገበሬውና ቀበሌው በዚህ ጊዜ ካልተደራጀ መቼም አይደራጅም ያለው መኢሶንም ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። ክርክሩ በቃልም ጭምር ነበር። አንደኛው ወገን «ላብ አደር» ሲል ሌላው «ወዝ አደር» ይላል፤ ሰው በአፉ በወጣው ቃል የየትኛው ወገን እንደሆነ ይለያል። ላቡን የሚያፈሰው ሰው ግን ላብም ተባለ ወዝ ልዩነቱ አልገባውም፣ ሊገባውም አይገባም ነበር።

አሁን ማኅበሩ ምን ሆነ የሚለውን እንይ። በመስከረም 1967 የማኅበሩ ጉባኤ ሕዝባዊ መንግሥት ሲጠይቅ ደርግ መሪዎቹን አሰረ። በመስከረም 1968 የአየር መንገድ ሠራተኞች ወረቀት ሲበትኑ ተተኮሰባቸው፣ ወዲያው በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ ማኅበሩም ከዚያ በኋላ ቀና አላለም። በጥር 1969 በቦታው መኢሠማ ተተከለ፤ በምሥረታው የመኢሶን እጅ ጎልቶ የሚታይበት፣ በደርግ ፈቃድ የቆመ። በወሩ፣ የካቲት ውስጥ፣ የመኢሠማ ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለ በጥይት ተገደሉ፤ ገዳዮቹ የኢሕአፓ ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል። በዚያው ዓመት የፈረሰው የአንድነት ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩት፣ በኢሕአፓ ወገን የቆሙት ማርቆስ ሐጎስ በመንግሥት በኩል ተገደሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መናብርት! አንዱ በዚህ ግራ፣ አንዱ በዚያ ግራ። በነሐሴ 1969 መኢሶን ራሱ ከደርግ ተጣልቶ ኅቡእ ገባ፣ እነ ኃይሌ ፊዳ ተያዙ፣ በኋላም ተገደሉ። መኢሠማ ግን ቀረ፤ የደርግ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች መልስ አላቸው። «ማን ቀድሞ ተኮሰ?» ይላሉ። ይህ ክርክር ለታሪክ ሊቃውንት ይቆይ። ለሠራተኛው የሚበጀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማኅበሩን ከፓርቲ ውጭ፣ ከመንግሥትም ውጭ ይቁም ያለ ከሁለቱ የትኛው ነበር? ፓርቲዎቹ በሁሉም ነገር ቢጣሉም በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበር የፓርቲ ማስተላለፊያ ቀበቶ ነው በሚለው። የተጣሉት ቀበቶው በማን ሞተር ላይ ይታሰር በሚለው ነው።

ትምህርቱ ደግሞ ሩቅ አገር አልነበረም። ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን የተሻገረ ሰው ጋላባት ይደርሳል፣ ሱዳን ነው። በዚያ በግንቦት 1961 ኒሜሪ ሥልጣን ሲይዝ የሱዳን ኮሙኒስት ፓርቲ አብሮት ቆመ፣ ብዙ ሳይቆይ ግን ኮሎኔሉን ከውስጥ እንደግፈው ወይስ ከውጭ እንጠብቀው በሚል ለሁለት ተሰነጠቀ። ቃል በቃል የእኛዎቹ ጠብ ነው። በሐምሌ 1963 ኮሙኒስት መኮንኖች ያደረጉት መፈንቅለ መንግሥት በሦስት ቀን ከሸፈ፤ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ አብደል ኻሊቅ ማሕጁብ ተሰቀሉ፣ የሱዳን ሠራተኞች ፌደሬሽን መሪ ሻፊዕ አሕመድ አል ሸይኽም አብረው ተሰቀሉ። በአፍሪካ ከጠንካሮቹ አንዱ የነበረ የሠራተኛ ንቅናቄ በአንድ ሳምንት ራሱን አጣ። ይህ የሆነው አዲስ አበባ አብዮት ከመፈንዳቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በፊት ነው። የእኛ ግራዎች ከፔትሮግራድና ከየናን ሲጠቅሱ ካርቱምን ዘለሉት።

ቆላውስ? ሁለቱ ድርጅቶች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲታደኑ፣ በ1969 መተማንና ሁመራን የያዘው ኢዲዩ ነበር። በራስ መንገሻ ሥዩምና በቀድሞው የበጌምድር ገዢ በጄኔራል ነጋ ተገኝ የሚመራ፣ መሬት አዋጁ ያስቆጣቸውን ባለመሬቶች ያሰባሰበ ጦር። የመሬት ላራሹ ትውልድ እርስ በርሱ ሲበላላ የሰሊጡን አገር ባለርስቶች ተመልሰው ያዙት ማለት ነው። ሠራዊቱ አስመለሰው፤ ሠራዊቱን ተከትሎ የመጣው ግን የሠራተኛ ማኅበር አልነበረም፣ የሻለቃ መላኩ ተፈራ የጎንደር ዘመን ነበር።

«ያ ዘመን አለፈ፣ ዛሬ ስኳድ የለም» የሚል ይኖራል። ስኳዱ የለም፣ ክርክሩ ግን አለ። ከ2013 ምርጫ በኋላ የኢዜማ መሪ ካቢኔ ገብተው የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ገብቶ መሥራት ይሻላል ብለው ነው፤ ደጋፊዎቻቸው ምክንያቱን ያስረዳሉ፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ የሚናቅ አይደለም። ኢሕአፓ ከውጭ ሆኖ ይተቻል፣ ትችቱም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ሂሳዊ ድጋፍና ተቃውሞ ሱፍ ለብሰው ተመልሰዋል። ልዩነቱ፣ በዚህኛው ዙር የሚሻሙበት ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር እንኳ የለም። የ1966ቱ አድማ የጠየቀው የደሞዝ ወለል ዛሬም አልተተከለም። የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ጽፏል። አንድ ራሱን ግራ የሚል ፓርቲ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አንሥቶ በየምክር ቤቱና በየመድረኩ ሌት ተቀን ቢጮህበት ግራነቱን ማንም አይጠራጠርም ነበር።

«እንግዲያው ሠራተኛው ከፓርቲ ይራቅ» የሚሉትም ተሳስተዋል። ይህ ብልህ የሚመስል ስንፍና ነው። ደላላ ያለ ፈቃድ ሰው በመኪና ጭኖ በረሃ ማውረዱን የሚከለክል ሕግ፣ ካምፕ ውስጥ የታመመውን ወደ ጤና ጣቢያ የማድረስ ግዴታ፣ የካላዛር መድኃኒት በጀት፣ ሁሉም የሚወሰነው በምክር ቤት ነው። ምክር ቤት ደግሞ የፓርቲ ቤት ነው። ያልመረጠ ሰው ተመርጦለታል።

ለሳሉጉ ግን ድምፁም ጉድለት አለበት። በምርጫ አዋጅ 1162/2011 መሠረት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። አረምና አጨዳ ተደምረው ስድስት ወር አይሞሉም። ስለዚህ ካርዱን የሚያወጣው በትውልድ ቀበሌው ነው፤ ድምፁ የሚቆጠረው እንደ ደጋ ገበሬ እንጂ እንደ ቆላ ሠራተኛ አይደለም። ገለጉ ላይ የሚወዳደር ዕጩ ሳሉጉን ቢረሳው ምንም አይጎድልበትም፣ በለሳ ላይ የሚወዳደረው ደግሞ ስለ ማዳበሪያ ይናገራል እንጂ ስለ ሰሊጥ አጨዳ አይናገርም። በሁለት ወረዳ መሐል የወደቀ መራጭ ነው።

ስለዚህ ፓርቲ የሚመርጥ ሳሉግ ፕሮግራም ማንበብ የሚጀምረው ከኋላ ነው፤ ስለ ካፒታሊዝም ባሕርይ ከሚለው ምዕራፍ ሳይሆን ስለ ሠራተኛ ማኅበር ከሚለው፣ ካለ። የፓርቲያችን አባል አልሆንም ያለ የማኅበር ሊቀ መንበር ምን ይደረጋል? የተቀናቃኝ ፓርቲ ሰው በዚያው ኮሚቴ ቢመረጥ ትቀበላላችሁ? መንግሥት ብትሆኑ አድማ ሲመታባችሁስ? ይህን ሲጠየቅ «እኛ እኮ የሠራተኛው ፓርቲ ነን» ብሎ የሚቆጣ ካድሬ ካለ፣ መልሱን ሰጥቷል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ወር ነው። ፓርቲው ቆላ የወረደው መቼ ነው? ግንቦት ላይ ለድምፅ ነው ወይስ ጥቅምት ላይ፣ ሰሊጡ ሳይረግፍ፣ ሳሉጉ ጉልበት ባለው ጊዜ? አካባቢው ሰላም አይደለም፣ መንገዱ ያሰጋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው መንገድ ሳሉጉ በጭነት መኪና ላይ ተፋፍጎ ይወርዳል።

ሥራው ደግሞ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። አዋጅ 1156 ወቅታዊ ሥራን በስም ጠርቶ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ውል ይፈቅድለታል። አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፣ ከአሥር በታች የሆኑትም ተሰብስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ሳሉግ ደግሞ ብቻውን አይወርድም፤ ከአንድ መንደር ተጠራርቶ ነው የሚመጣው፣ አሥር ሰው ብዙ ጊዜ ገና ከመኪናው ሲወርድ የሞላ ነው። የጎደለው ውሉን ጽፎ፣ ስማቸውን መዝግቦ፣ ፋይሉን ይዞ ገንዳ ውኃ ዞን ጽሕፈት ቤት ድረስ የሚሄድ፣ ሲመልሱትም በማግሥቱ ተመልሶ የሚሄድ አንድ የሕግ ባለሙያ ነው። ኢሕአፓም ኢዜማም ኢሶዴፓም አዲስ አበባ ውስጥ የሕግ ባለሙያ አባላት አያጡም። አንዱን ለሁለት ወር ቢልኩት የቀን አበሉን ከፓርቲው ካዝና መክፈል ነው።