በውክልና የምትሸጥ አነስተኛ መኪና ርካሽ አይደለችም

የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አዴት ከባሕር ዳር በስተደቡብ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የግብርና ምርምር ማዕከል መቀመጫ በመሆኗም መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ተመራማሪዎችና የወረዳ ሠራተኞች ይኖሩባታል። ለሥራ፣ ለሕክምናና ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር መመላለስ ለብዙዎቹ የተለመደ ነው። በከተማው ውስጥ ባጃጅ፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ሚኒባስና አውቶቡስ የዕለት ተዕለት አገልግሎት ይሰጣሉ። በዋናው የደብረ ማርቆስ - ባሕር ዳር መንገድ ላይ በሚገኙት ፍኖተ ሰላምና ቡሬም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ያወጣ ሠራተኛ አነስተኛ ያገለገለች መኪና ለመግዛት ቢያስብ የሚያስገርም አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይህ ሐሳብ ሲነሳ በአብዛኛው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የትኛዋ መኪና ትረክሳለች? የሚል። የመኪና ዋጋ ግን ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በታክስ፣ በውጭ ምንዛሪና በገቢ ንግድ ፖሊሲ የሚወሰን በመሆኑ ገዥው ሊለውጠው አይችልም። ሁለተኛው ሻጭና ገዥ በሚፈጽሙት ውል፣ በቴክኒክ ምርመራና በአሽከርካሪው ብቃት ላይ የተመሠረተ ነው። የመጀመሪያው በናረ ቁጥር ገዥዎች ከሁለተኛው ለመቀነስ ይሞክራሉ፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በአገራችን አነስተኛ መኪና የመካከለኛ ገቢ ባለቤቶች ምርጫ ሆኖ የቆየው ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ነው። ቮልስ ዋገንና ፊያት 600፣ ከዚያም ላዳና ቶዮታ ዲኤክስ በየዘመናቸው ይህንን ቦታ ይዘው ነበር። በኋላ ስፍራውን የወሰደችው እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ለገበያ የቀረበችውና በአውሮፓ ያሪስ በሚል ስም የተሸጠችው ቶዮታ ቪትዝ ናት። አንድ ሺህ ሲሲ ያህል ሞተር ያላት መሆኗ፣ ነዳጅ መቆጠቧና መለዋወጫዋ በቀላሉ መገኘቱ ተፈላጊ አድርገዋታል።

የእነዚህን ተሽከርካሪዎች ዋጋ በጉልህ ከለወጡት እርምጃዎች አንዱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም ያጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው። አዋጁ እስከ 1,300 ሲሲ ሞተር ባላቸው አዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ የነበረውን 30 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አደረገ። በአንጻሩ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲጨምር የደነገገ ሲሆን፣ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉና ከፍተኛ የሞተር ጉልበት ያላቸው እስከ 500 በመቶ ድረስ እንዲከፍሉ ተደርጓል። በዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመሩ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት አዋጭነቱ አበቃ። ዓላማው አገሪቱ የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ማራገፊያ እንዳትሆንና የአየር ብክለትና የትራፊክ አደጋ እንዲቀንስ ማድረግ ነበር።

ቀጥሎም በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የአንድ ዶላር ዋጋም በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የእነዚህ እርምጃዎች ድምር ውጤት ቀድሞ ወደ አገር ውስጥ የገቡት አሮጌ አነስተኛ መኪኖች ተተኪ የሌላቸው እንዲሆኑ ማድረጉ ነው። በመሆኑም ሃያ ዓመት ያገለገለች ቪትዝ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ መሸጧ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተለመደ ሆኗል።

ይህንን ዋጋ ከመንግሥት ሠራተኛ ገቢ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ይሆናል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ሠራተኛው አንዲት ሳንቲም ሳያወጣና ሳይቀነስበት ሙሉ ደመወዙን ቢያስቀምጥ እንኳ አንድ ሚሊዮን ብር ለመሙላት 87 ወራት፣ ማለትም ከሰባት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለሆነም ግዥው የሚፈጸመው በአብዛኛው በዕቁብ፣ በብድርና ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ወይም በቤተሰብ መዋጮ ነው። ገንዘቡ የብዙ ሰው ላብ በመሆኑ የሚደርሰው ኪሳራም በአንድ ሰው ላይ ብቻ የሚቆም አይሆንም።

የነዳጅ ወጪውም ቀላል አይደለም። በሰኔ 2014 ዓ.ም መጨረሻ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ከፍ ያለ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም አጋማሽ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደርሶ ነበር። በዚህ በ2017ቱ ዋጋ ብቻ እንኳ ቢሰላ፣ በአንድ ሊትር 14 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከአዴት ባሕር ዳር ደርሳ ለመመለስ 6 ሊትር ቤንዚን ወይም 609 ብር ገደማ ትፈልጋለች። በወር ሃያ የሥራ ቀናት የሚመላለስ ሰው ከ12 ሺህ ብር በላይ ለነዳጅ ብቻ ያወጣል ማለት ነው። ይህም ከጀማሪው ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ ይበልጣል። የጎማ፣ የዘይት፣ የጋራዥና የዓመታዊ ምርመራ ወጪ ገና አልተቆጠረም።

እንዲህ ያለውን ወጪ የተሸከመ ገዥ ቅናሽ የሚፈልገው ሊዘለል የሚችል በሚመስለው ነገር ላይ ነው። ከእነዚህም ዋነኛው የስም ዝውውር ነው። ሻጭ ሊብሬውን በገዥ ስም በማዛወር ፈንታ ለገዥው ውክልና ሰጥቶ መኪናዋን ያስረክባል። ገዥው ደግሞ በተራው በዚያው ውክልና ለሌላ ሰው ያስተላልፋታል። ደላሎችም ይህንን አሠራር "ወጪ ቆጣቢ" ብለው ያቀርቡታል። የቴምብር ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ ለጊዜው የሚቀር መሆኑ እውነት ነው። መኪናዋ የተመዘገበችው በሌላ ከተማ ከሆነ ደግሞ ምልልሱና የሚባክነው የሥራ ቀን ለገዥው ተጨማሪ ሰበብ ይሆነዋል።

ውክልና በራሱ ሕጋዊ ሰነድ ነው። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ተረጋግጦ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ውክልና በሌላ ሰው ስም ለመሥራት የሚያስችል ሥልጣን እንጂ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ያበቃል። በመሆኑም ሻጩ ከዚህ ዓለም በሞት ቢለይ ወራሾቹ በሊብሬው ላይ የአባታቸውን ወይም የእናታቸውን ስም ይዘው ሊከራከሩ ይችላሉ። ሻጩ ዕዳ ቢኖርበት ደግሞ የገንዘብ ጠያቂዎቹ ጥያቄ በስሙ በተመዘገበችው መኪና ላይ ሊያርፍ ይችላል። ገዥው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሳለ ንብረቱ በእጁ እንጂ በስሙ አይደለም።

አደጋው ለሻጩም የከፋ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን፣ ይህም መኪናውን ያሽከረከረው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱን እንደማያስቀር ይደነግጋል። አዲስ አሽከርካሪ በውክልና በገዛት መኪና በእግረኛ ላይ ጉዳት ቢያደርስ በመዝገብ የሚገኘው ስም የሻጩ ነው። ከዓመታት በፊት ሸጧት የተገላገላት መኪና ፍርድ ቤት ልታስጠራውና መሸጡን የማስረዳት ሸክም ልትጥልበት ትችላለች ማለት ነው። ተጎጂው ቤተሰብም ካሣ የሚጠይቀውን ሰው ለመለየት ብቻ ረጅም ጊዜ ሊያጠፋ ይገደዳል።

በዚህ ረገድ አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን የተወሰነ ዋስትና ይሰጣል። በ2000 ዓ.ም በአዋጅ የተደነገገውና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተሻሻለው ይህ ሽፋን በሌሎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ነው። የራስን መኪና መጠገኛ አይከፍልም፤ ሽፋኑም የገንዘብ ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት በኃላፊው ሰው ላይ ይወድቃል። አዲስ አሽከርካሪዎች በመስታወታቸው ላይ የተለጠፈውን የመድን ምልክት ለሁሉም ነገር መልስ አድርገው የሚወስዱ ከሆነ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው የሚዘለለው ጉዳይ የቴክኒክ ምርመራ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ መንዳት መዞሯ ይታወቃል። ጃፓን ግን የግራ መንገድ የሚነዳባት አገር በመሆኗ ለአገር ውስጥ ገበያዋ የሚሠሩት መኪኖች መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ የመጡ መኪኖችን የሚገዛ ሰው የመሪውን፣ የፍሬኑንና የአየር ከረጢቱን ሁኔታ በታመነ መካኒክ ማስመርመር ይኖርበታል። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከሩ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ፣ ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነም ቀረጧ መከፈሉ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መጣራት አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዥ የተረከበውን ዕቃ ጊዜ ሳያባክን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ዝም ብሎ የቆየ ገዥ በኋላ የሚያነሳው አቤቱታ ተሰሚነቱ ይቀንሳል።

ሦስተኛው አሽከርካሪው ራሱ ነው። አዴት ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው። በእንዲህ ያለ ከፍታ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር ያላት መኪና አምስት ሰው ጭና ዳገት ላይ የጭነት መኪና ለመቅደም ስትሞክር በከተማ ልምምድ የታየውን ፍጥነት አታገኝም። ከብት፣ የጋማ እንስሳት፣ ባጃጅና የገበያ እግረኛ አንድ መንገድ በሚጋሩበት አካባቢ፣ በተለይም በክረምት ጭቃና ጭጋግ ወቅት፣ "ለማጅ" የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ብቻ በቂ አይሆንም። ልምድ ካለው አሽከርካሪ ጋር በዝግታ መለማመድና የሌሊት ጉዞን ማስወገድ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በተከሰተው ግጭት የመንገድ ጉዞ በተደጋጋሚ የተስተጓጎለ መሆኑም የመኪና ጥቅም በመንገዱ ደህንነት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ አሳይቷል።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች መላካቸውንና ትልቁ ድርሻ ወደ አፍሪካ መሄዱን ገልጿል። ጎረቤት ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያስቆጠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ገደብ ጥላለች። ይሁንና የዕድሜ ገደብም ሆነ ከፍተኛ ታክስ የሚሠራው በድንበር ላይ ነው። አስቀድሞ የገባውን አሮጌ ተሽከርካሪ ደህንነት የሚጠብቀው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገው ምዝገባና ዓመታዊ ምርመራ ነው። ቦሎ የሚለጠፈው መኪናዋ በእርግጥ ታይታ ካልሆነ የታክስ ፖሊሲው የታለመለትን ግብ አይመታም።

በአማራጭነት የቀረበው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት እነዚህን ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል ወስኖ ነበር። እርምጃው የነዳጅ ወጪን የሚያስቀር ቢሆንም የባትሪ መሙያ ጣቢያዎች በአብዛኛው የተከማቹት በአዲስ አበባ ነው። በመሆኑም በወረዳ ከተሞች አሮጌዋ የቤንዚን መኪና ገና ለዓመታት አገልግሎት ላይ እንደምትቆይ መገመት ይቻላል።

ከዚህ አኳያ ኃላፊነቱ የገዥ ብቻ ሊሆን አይገባም። ሠራተኛው ስም ለማዛወር የሥራ ቀናቱን የሚሠዋ፣ ፋይሉ ከሌላ ከተማ እስኪመጣ ሳምንታት የሚጠብቅ ከሆነ ውክልና ሁልጊዜም ቀላሉ መንገድ ሆኖ ይታየዋል። የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የፋይል ልውውጡን ሊያፋጥኑት፣ የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ውክልና ሰጪውና ተቀባዩ ውክልና ሽያጭ አለመሆኑን ተረድተው እንዲፈርሙ ሊያስረዱ ይገባል። የብድርና ቁጠባ ማኅበራትም ለመኪና ግዥ የሚለቁትን ገንዘብ የስም ዝውውሩ መጠናቀቁን ከሚያሳይ ሰነድ ጋር ቢያያይዙት የአባሎቻቸውን ገንዘብ ይጠብቃሉ።

የመኪና ታክስና የምንዛሪ ተመን በአዴት፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚወሰን አይደለም። የስም ዝውውርን ማቅለልና ምርመራን በእውነት ማካሄድ ግን በየከተማው ባሉ መሥሪያ ቤቶች እጅ ያለ ሥራ ነው። ይህ እስካልተከናወነ ድረስ ገዥ በውል ማዋዋያ ያተረፋት ጥቂት ብር በፍርድ ቤት፣ በጋራዥ ወይም በሆስፒታል በብዙ እጥፍ መከፈሏ አይቀርም።