አልከፈት ያለው ሃርድ ዲስክ፦ ከጥገና በፊት ቅጂ ይቅደም

እንደሚታወቀው ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የወረቀት መዝገብ ቦታውን ቀስ በቀስ ለኮምፒዩተር እየለቀቀ መጥቷል። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከተማ የሚሠራ መምህር የተማሪዎቹን ውጤት፣ የግብርና ባለሙያው የመስክ መረጃውን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ፎቶ አንሺው የደንበኞቹን የሠርግ ምስል የሚያኖረው በመዳፍ በምትያዝ አንዲት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ይህች ዕቃ አንድ ቀን መብራቷ እየበራ አልከፈት ስትል የዓመታት ድካም በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ ይወድቃል። በዚያች ሰዓት አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ነገር ከብልሽቱ ይልቅ ጉዳቱን ያከፋዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። አልከፈት ያለ ዲስክ በቅድሚያ ሊቀዳ እንጂ ሊጠገን አይገባውም። የማይተካው መረጃው እንጂ ዲስኩ አይደለምና። ይህ አቋም በተለይ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ለምን ጠንክሮ ሊያዝ እንደሚገባ ለመረዳት የዲስኩን አሠራር በጥቂቱ መመልከት ያስፈልጋል።

የዲስኩ አሠራርና የደጋው አየር

በተለመደው ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማግኔታዊ ሽፋን ያላቸው ሳሕኖች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ያህል ይሽከረከራሉ። መረጃውን የሚጽፈውና የሚያነበው ረቂቅ ራስ ሳሕኑን አይነካውም። ሳሕኑ ሲሽከረከር አብሮት የሚነዳው አየር ራሱን ደግፎ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ላይ ያንሳፍፈዋል። የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረት በዐሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ናኖሜትሮች የሚለካ በመሆኑ፣ ለዚህ ራስ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ተራራ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ ይነሣል። ራሱን የሚያንሳፍፈው አየር ከውጭው አየር ጋር በትንሽ ማጣሪያ ባላት ቀዳዳ የሚገናኝ ተራ አየር ነው። አምራቾች በቴክኒክ መግለጫዎቻቸው ላይ ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ ብዙውን ጊዜ እስከ 3,048 ሜትር፣ ማለትም እስከ 10,000 ጫማ ነው። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእስቴና ከፋርጣ ጋር የምትዋሰንበት የጉና ተራራም ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ራሱን የሚደግፈው ኃይል ስለሚቀንስ ራሱ ወደ ሳሕኑ ይበልጥ ይቀርባል።

ይህ ማለት ግን ደጋ የወጣ ዲስክ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም። ዘመናዊ ዲስኮች የራሱን ከፍታ በመጠኑ የሚያስተካክሉበት ብልሃት አላቸው። ነገር ግን በዝቅተኛ ቦታ ያለ ጉዳት የሚታለፍ ንዝረት ወይም መውደቅ በዚህ ከፍታ ላይ ይቅርታ ላያገኝ ይችላል። በዚህ ላይ የመንገዱ መንገጫገጭ፣ የበጋው አቧራና የመብራቱ መቆራረጥ ይታከላሉ። ከማለዳ ብርድ ወደ ሞቀና እርጥበት ወዳለው ክፍል በድንገት የገባ ዲስክም ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ሳይሰካ ቢቆይ ይመረጣል።

መመርመር እንጂ መነካካት አይደለም

ዲስክ አልከፈት የሚለው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የኃይል ወይም የኬብል ችግር ነው። ሁለተኛው ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የፋይል ማውጫው ሲበላሽ የሚፈጠር ነው። ሦስተኛው የዲስኩ የራሱ አካላዊ ጉዳት ነው። ሦስቱን መለየት የሚቻለው በቅደም ተከተል በመሄድ ነው።

በቅድሚያ ጆሮን መጠቀም ይገባል። ዲስኩ ለስለስ ባለ ድምፅ የሚሽከረከር ከሆነ ተስፋ አለ። በተደጋጋሚ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካሰማ ግን የመጀመሪያው ጥርጣሬ በኃይል እጥረት ላይ ሊሆን ይገባል። የዩኤስቢ 2.0 ደንብ ለአንድ ዕቃ የሚፈቅደው 500 ሚሊአምፒር፣ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፒር ነው። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ከዚህ በላይ ሊፈልግ ስለሚችል ረጅም ወይም ያረጀ ኬብል፣ እንዲሁም ብዙ ዕቃ የተሰካበት ማከፋፈያ ሊያዳክመው ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ ተነቅሎ፣ አጭርና ደኅና በሆነ ሌላ ኬብል፣ ያለ ማከፋፈያ፣ በቀጥታ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞከር። ድምፁ ካልተለወጠ ጉዳዩ አካላዊ ጉዳት ነውና ዲስኩን ነቅሎ መተው ግድ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚታከል እያንዳንዱ ደቂቃ ራሱ ሳሕኑን እንዲፍቅ መፍቀድ ነው።

ድምፁ ጤነኛ ከሆነ የዊንዶውስን የዲስክ አስተዳደር መስኮት መመልከት ቀጣዩ እርምጃ ነው። ዲስኩ በትክክለኛ መጠኑ ታይቶ የመለያ ፊደል ብቻ የጎደለው ከሆነ ፊደል መስጠት ይበቃዋል። መጠኑ ትክክል ሆኖ የፋይል ሥርዓቱ «ሮው» ከተባለ ማውጫው ተበላሽቷል፤ መረጃው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አለ። ይህ ብልሽት በጽሕፈት መካከል መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ዲስኩ በሥርዓት ሳይሰናበት ተጎትቶ ሲነቀል የሚከሰት የተለመደ ነገር ነው። ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ፣ ወይም መጠኑ ዜሮ ከሆነ፣ ጉዳቱ ከኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ወይም ከራሶቹ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚፈታ አይደለም።

ከበሽታው የከፋ መድኃኒት

በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ራሱ አሳሳች ምክር ይሰጣል። «ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ይፈልጋሉ?» ወይም «ዲስኩን ኢኒሻላይዝ ያድርጉ» ሲል የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «አይሆንም» የሚለው ነው። ቼክዲስክ የተባለው የማረሚያ ፕሮግራምም ጤነኛ ዲስክ ላይ ጠቃሚ ቢሆንም፣ በሚሞት ዲስክ ላይ እየጻፈና እያንገላታ የቀረውን ሊያጠፋ ይችላል። ዲስኩን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ጤዛን ከመጥራት ያለፈ ጥቅም የለውም። መክደኛውን ፈትቶ ማየትም፣ ከላይ ስለ አቧራ ቅንጣት የተነገረውን ላስታወሰ አንባቢ፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ትክክለኛው መንገድ የዲስኩን ሙሉ ይዘት ወደ ሌላ፣ መጠኑ እኩል ወይም የበለጠ ወደሆነ ዲስክ መቅዳት ነው። ለዚህ በነጻ የሚገኘው ጂኤንዩ ዲዲሬስኪዩ የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል። የተጎዱትን ክፍሎች በመዝገብ ይዞ ወደ እነርሱ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሥራው ቢቋረጥ እንኳ ከመዝገቡ አይቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ፋይል የማዳኑ ሥራ፣ እንደ ቴስትዲስክ ባሉ ነጻ መሣሪያዎችም ቢሆን፣ የሚካሄደው በቅጂው ላይ ብቻ ነው። ቅጂው ቢበላሽ በሌላ ቅጂ ይተካል፤ ዋናው ግን ምትክ የለውም።

አንድ ቅጂ ቅጂ አይደለም

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ግን የሁለተኛው ደረጃ ጥበብ ነው። ዋናው ጥያቄ ዲስኩ ለምን ሞተ የሚለው አይደለም፤ ማንኛውም ዲስክ አንድ ቀን ይሞታል። ጥያቄው መረጃው ለምን በአንድ ቦታ ብቻ ነበር የሚለው ነው። «ውጫዊ ዲስክ አለኝ፤ መጠባበቂያ ይዣለሁ» የሚል ሰው ፋይሉን ከኮምፒዩተሩ አጥፍቶ ወደ ዲስኩ ያዛወረ ከሆነ፣ ቦታ ለወጠ እንጂ መጠባበቂያ አልያዘም።

በዚህ ረገድ ከሩቅ አገር መማር አያስፈልገንም። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ መሆናቸው የታወቀ ነው። የድጓ ተማሪ ዜማውን በቃሉ ይይዛል፤ መጽሐፉንም ከነምልክቱ በእጁ ይጽፋል። ተመስክሮለት ወደ ሌላ ደብር ሲሄድም ሁለቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዜማው በመምህሩ ልቡና፣ በደቀ መዝሙሩ ልቡና እና በብራናው ላይ፣ እንዲሁም ብዙ ርቀት ባላቸው ደብሮች ይኖራል። በዘመኑ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች የሚመክሩት ደንብም ከዚህ የተለየ አይደለም፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራም የፊልሙን ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ማኖሩ ይህንኑ የተከተለ ነበር።

«ዛሬ ክላውድ አለ፤ ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት መቋረጡ አይዘነጋም። መረጃውን በክላውድ ብቻ ያኖረ ሰው በዚያ ወቅት ከገዛ ሥራው ተለይቶ ነበር። መንገድ ሲዘጋም የተጎዳ ዲስክን ወደ አዲስ አበባ ባለሙያ መላክ አይቻልም። ስለዚህ ክላውድ አንዱ ቅጂ ይሁን፤ ብቸኛው ግን አይሁን።

ምን ይደረግ?

የግለሰቡ ድርሻ ቀላል ነው። ሁለተኛ ዲስክ ይግዛ፤ ለዘወትር ሥራው ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለውን፣ አየር የማያስፈልገውን ኤስኤስዲ ቢመርጥ በከፍታችን ላይ ይበልጥ ይጠቀማል። ይሁንና ኤስኤስዲም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሞት ስለሚችል ከሁለተኛ ቅጂ ነጻ አያወጣም። ሁለቱን ዲስኮች በአንድ ቦርሳ አይያዝ። የዲስኩን የጤና መመዝገቢያ፣ «ስማርት» የተባለውን፣ በየወሩ ይመልከት፤ የተተኩና ለመተካት የሚጠባበቁ ሴክተሮች ቁጥር ማደግ ከጀመረ ዲስኩ መሰናበቻውን እየተናገረ ነውና ሳይውል ሳያድር ይቅዳ።

የተቋማት ድርሻ ግን ከዚህ ይሰፋል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ቅርብ የሆነው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የየወረዳው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍሎች አንዲት «የመረጃ ማዳኛ ጠረጴዛ» ቢያዘጋጁ ብዙ ድካም ከጥፋት ይተርፋል። ጠረጴዛዋ የምትፈልገው ሊኑክስ የተጫነበት አንድ ኮምፒዩተር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ፣ ሁለት ባዶ ትልልቅ ዲስኮችና የሠለጠነ አንድ ባለሙያ ብቻ ነው። ይህ ቅንጦት አይደለም። ጥናቱን ያጣ ተማሪ ዓመቱን ያጣል፤ መዝገቡን ያጣ ጽሕፈት ቤት የባለጉዳዩን መብት ያጣል።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ዲስክዎ ዛሬ ጤነኛ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ያነበቡት በጥሩ ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ቅጂ ዛሬውኑ ይያዙ። ዲስክዎ ዛሬ አልከፈት ያለ እንደሆነ ደግሞ እጅዎን ከቁልፉ ላይ ያንሡና ይንቀሉት፤ ከዚያም የሚቀዳበትን ሁለተኛ ዲስክ ይፈልጉ።